የዕዝ ሰንሰለት ከሹመት ዜና በላይ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

የመከላከያ ሠራዊታችን አደረጃጀት በተለወጠ ቁጥር ጋዜጦቻችን ፈጥነው የሚነግሩን ማን እንደተሾመና ማን እንደተነሣ ነው። አዲሱ ዕዝ ወይም ኮር (ብዙ ክፍለ ጦሮችን በሥሩ የሚመራ አካል) ለማን ተጠሪ እንደሆነ፣ ኃላፊነቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ መድፈኛው፣ መገናኛውና ስንቅና ትጥቁ በማን ትእዛዝ እንደሚንቀሳቀስ ግን እምብዛም አይጻፍም። በአዳማ ታሪክ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ ይህ ጉድለት ከልብ ያሳስበኛል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ክቡር ዘበኛና ጦር ሠራዊቱ የየራሳቸው አዛዥ ያላቸው፣ ለየብቻ የተደራጁ ኃይሎች ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ የአንድ አገር ወታደሮች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ተታኮሱ። ሙከራው የከሸፈውም ጦር ሠራዊቱ በሌሎች አዛዦች ሥር ስለነበር መሆኑን አልክድም፤ ይሁን እንጂ አንዱ ኃይል ሌላውን በዓይነ ቁራኛ እንዲጠብቅ ተብሎ የተዘረጋ አደረጃጀት ዙፋን ቢያቆይም ለጦርነት የሚበጅ አይመስለኝም።

ደርግ ደግሞ የአንዱን ክፍል አመራር ለሦስት ሰው አካፈለው። ከጦር አዛዡ ጎን የተቀመጡት የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት መኮንን በየራሳቸው መስመር ወደ ላይ ሪፖርት ያደርጉ ስለነበር፣ አዛዡ ከፊቱ ካለው ጠላት ባላነሰ ከጎኑ ያሉትን ይፈራ እንደነበር እዚህ አዳማ በጡረታ ከሚኖሩ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በኤርትራ ግንባር የተሰለፈው የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 በመንግሥት ትእዛዝ ተገደሉ፤ በመጋቢት ዕዙ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። ሽንፈቱ በዚህ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ሻዕቢያ አስቦና ተዘጋጅቶ ነበር የገጠመው። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ለትልቅ ጥቃት በተጋለጠበት ሰዓት አዛዡን አጥቶ ለአዲስ እጅ መተላለፉ ያስከተለውን ጉዳት ችላ የሚል የታሪክ ጸሐፊ ሊኖር አይገባም።

ዛሬም በክፍለ ጦርና በዕዝ መካከል ኮር ሲገባ፣ ትእዛዝ የሚያልፍበት አንድ እርከን ይጨምራል፤ ለዚያም እርከን የራሱ መምሪያ፣ መገናኛና የሠለጠኑ መኮንኖች ያስፈልጉታል። ሰፊ ግንባር ላይ ብዙ ክፍለ ጦሮችን አንድ ዕዝ በቀጥታ መምራት ስለሚከብደው ጭማሪው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ መኮንኖቹ ሳይሟሉ ስሙ ብቻ ከተሰጠው ግን ትእዛዝ የሚዘገይበት ቦታ ይሆናል።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 የአገር መከላከያን አደረጃጀት የመወሰን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። ስለዚህ ጋዜጣችሁ በሚቀጥለው የአደረጃጀት ለውጥ ወቅት፣ የጦር ምሥጢር ሳይነካ፣ ለውጡ በምክር ቤቱ ምን ያህል እንደታየና አዲሱ ክፍል ለማን ተጠሪ እንደሆነ ጠይቆ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር፣ ከአዳማ