የሰኔ ጥድፊያ መነሻው መዝገብ ቤት ነው

ክቡር አዘጋጅ፦

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን ሊዘጋ ሲቃረብ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው ግርግርና መነጫነጭ ከሥራ ብዛት ብቻ የመጣ ተደርጎ መወሰዱ ትክክል አይመስለኝም። በመዝገብ ቤት ለሚሠራ ሰው ምክንያቱ ቀደም ብሎ ይታየዋል፤ ጥር ላይ የደረሰ ደብዳቤ በገቢ መዝገብ ሳይሰፍር በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ከሰነበተ ወይም ፈጻሚው ሳይጠቀስ «ለሚመለከተው» ተብሎ ብቻ ከተመራ፣ ሰኔ ላይ የክፍያው ሰነድ ሲፈለግ ሦስትና አራት ሠራተኞች የያዙትን ጥለው ፋይል ሲያገላብጡ ይውላሉ። ባለጉዳዩም ኮሪደር ላይ ቆሞ ይቆጣል፤ ደግሞም እውነት አለው።

በእኔ እምነት ስለ ጊዜ አጠቃቀም በየሆቴሉ ከሚሰጠው ሥልጠና ይልቅ፣ ጠዋት ሌላ ሥራ ሳይጀመር የገባውን ደብዳቤ ሁሉ መዝግቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ የሚፈጽመውን ሠራተኛና ምላሽ የሚሰጥበትን ቀን ጽፎ ማስተላለፍ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። ለዚህ ግን ኃላፊዎች ያንኑ የጠዋት ሰዓት በድንገተኛ ስብሰባ መሻማታቸውን ሊያቆሙ ይገባል፤ ሠራተኛውን በየዕለቱ ከወንበሩ እያስነሱ «ዕቅድ የለውም» ብሎ መገምገም ፍትሐዊ አይደለም።

ከአንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ