ለእማዬ፣ ስለ ጌሾውና ስለዚያ ካርቶን

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅቷ ሁለት የፊት ጥርስ ወልቋል። ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ ከአራተኛ ፎቅ ወርደን የጥበቃው ቤት ላይ ወረወረችው። ለአያቴ ንገሪልኝ ብላለች።

እኔም ያው ከቅጠሌ ጋር ነኝ። ባለፈው ከጓሮሽ የቆረጥኩትን ጌሾ ዲኤንኤ አነበብነው። ዲኤንኤ አራት ፊደል ብቻ ያለው ረጅም ጽሑፍ በይው። የሁለት ተክሎችን ጽሑፍ ጎን ለጎን እናስተያያለን። ፊደሉ ከተቀራረበ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በጣም ከተለያየ፣ ከአንድ ግንድ ከተለያዩ ብዙ ዘመን አልፏል ማለት ነው። ድሮ የሚመደቡት በአበባቸውና በቅጠላቸው መልክ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ግን ሳይንቲስቶች ባብዛኛው በዲኤንኤ ተመርተው የአበባ ተክሎችን እንደ አዲስ መደቡ። ጌሾሽ፣ ያጠጣሽን ኮሶ፣ ጽጌረዳና ሳማ አንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ገቡ። ሳማ እኮ ነው የምልሽ! ታናሼን የገረፍሽበት ሳማ የጽጌረዳ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ፓፓያም ከጎመን ጋር ይዛመዳል። ይህን ባወቅኩ ቀን መጀመሪያ ልነግር ያሰብኩት ለአንቺ ነበር።

አልደወልኩም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ታናሼም ሳይዘል ያንብብልሽ።

ዲኤንኤ ከደረቀ ቅጠልም ይወጣል። ወረቀት ላይ ተለጥፎ ብዙ አሥርት ዓመታት ከቆየ ቅጠል እንኳ። ይህን ስማር ትዝ ያለኝ ያ ካርቶን ነው። ከአንገረብ ወንዝ ዳር፣ ከሥላሴ አጥር ሥር ቅጠል እየለቀምኩ በጋዜጣ አድርቄ ያጠራቀምኩበት። አሻሮ ልትቆዪ ማገዶው እርጥብ ሆነብሽና እሳት አያያዝሽበት። «ገለባ ነው» አልሽኝ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬም ጫማዬም ከዚያ ጋን እንደወጣ አውቃለሁ። በጠላ አስተምረሽኛል፤ ውለታሽን አልረሳም። ግን ያ ነገር እስካሁን ያመኛል። ገለባ አልነበረም፣ እማዬ።

አሁን ስለ ደም ግፊት ክኒንሽ። ታናሼ ነግሮኛል፤ አትቆጪው። ላይኛው ግፊት 190 ደርሶ አንቺ በስልክ «ደህና ነኝ» አልሽኝ። እንዴት እንዲህ ታደርጊኛለሽ? ጸበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂም፤ ማን ይከለክልሻል? ክኒኑን ግን አትተዪ። ሌሊት ስልክ ሲጮህ ምን እንደማስብ አታውቂም። ልጽፈው እንኳ እጄ እምቢ ይለኛል።

ልጅቷ ደብተር ውስጥ አበባ መለጠፍ ጀምራለች። መንገዱ ደህና ሲሆን ይዣት እመጣለሁ። እኔ የማውቀው የላቲን ስማቸውን ነው። የጓሮውን ሁሉ በስሙ የምትጠሪላት አንቺ ነሽ።

ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ ፍሬ። ውጠሽ ደውዪልኝ።

ልጅሽ