ለወር አበባ የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም
ግልጽ ደብዳቤ ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

በአካል መጥቼ ጠይቄዎታለሁ። ማመልከቻዬም መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም አርፎበታል። የተነገረኝ «ይጠብቁ» ብቻ ነው። መጠበቅ ስለበቃኝ በአደባባይ ጻፍኩ።

ጉዳዩን ያውቁታል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ወደ ሰሌዳ ተጠርታ ስትነሳ ቀሚሷን ደም ነክቶት ነበር። ወንዶቹ ሳቁባት። ደብተሯን እንኳ ሳትሰበስብ ሮጣ ወጣች፤ ሳምንቱን ሙሉም አልመጣችም። ፈተናው የዋለው በዚያው ሳምንት ነው። ድጋሚ ትፈተን ብለን ስንጠይቅ ከቢሮዎ የመጣልን መልስ «የሕክምና ማስረጃ ታቅርብ» የሚል ሆነ። የምን ሕክምና? ልጅቷ አልታመመችም! የጎደላት ሞዴስ ነው። ጤነኛ ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ ተሰልፋ፣ የወር አበባ መጥቶባታል የሚል ወረቀት ታጽፍ ነው የምትሉት? ወረቀቱ ስላልመጣ ዜሮ ተሞላላት።

እሷ ብቻም አይደለችም። ስም ስጠራ በየወሩ የሚቀሩት እነዚያው ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው ዘይት መግዛት ያቃታቸው ሴቶች ናቸው፤ ሞዴስ ከየት ያምጡ? ልጆቹ ጨርቅ ቀደው ይጠቀማሉ። እሱንም የሚቀይሩበት ቦታ የለም። የሴቶቹ ሽንት ቤት በር ከተነቀለ ቆይቷል፣ ቧንቧውም ደርቋል። ቤት ከመዋል ሌላ ምን ያድርጉ?

ከስኩል ግራንቱ፣ ማለትም ለትምህርት ቤቱ ከሚመደበው የድጋፍ ገንዘብ፣ ሞዴስ እንግዛላቸው ስንል «በዕቅዱ የለም» ተባልን። ዕቅዱን የሚያጸድቀው ግን የእርስዎ ቢሮ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር እኮ ከውጭ በሚገባ ሞዴስ ላይ የነበረውን ቀረጥ ከ30 በመቶ ወደ 10 ዝቅ አድርጓል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የትምህርት ሕጓን አሻሽላ፣ መንግሥት ለተማሪ ልጃገረዶች ሞዴስ በነጻ እንዲያቀርብ ደንግጋለች። እኛ ጋ ጠመኔ በዕቅድ ይገዛል፤ ሞዴስ ግን የሚመጣው በጎ አድራጊ ሲገኝ ነው።

ለማርች 8 መጥታችሁ ለጥቂት ልጆች አንዳንድ እሽግ ሰጣችሁ፣ ፎቶም ተነሣችሁ። ልጆቹ በሰልፍ ፊት ተጠርተው ሲቀበሉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ያ እሽግ ለመጋቢት እንኳ በቅጡ አልበቃም። እባካችሁ፣ ከእንግዲህ ለልጆች እንዲህ ያለ ነገር በካሜራ ፊት አትስጡ። ለሴት መምህራን አስረክቡን፤ እኛ በጓዳ እናድላለን።

የሴሚስተሩ ውጤት ከመዘጋቱ በፊት ተማሪዬ ትፈተን። ሞዴስ በሚቀጥለው ዓመት የግራንት ዕቅድ ውስጥ ይግባ፣ የሽንት ቤቱ በርም ይገጠም። መልስዎን በቃል አልፈልግም። ቁጥርና ማኅተም ባለው ደብዳቤ ለትምህርት ቤታችን ይላኩ።

የሰባተኛ ክፍል መምህርትና የልጃገረዶች ክበብ ተጠሪ