እማዬ፣ ስለዚያ ፎቶ
እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጋሼ ፎቶዬን አይቶ «ሰርግ እየደረሰ እሱ ቁማር ቤት ይዝናናል» ብሏል አሉ። አንቺም ሰምተሽ ዝም አልሽ። የከበደኝ ዝምታሽ ነው። ስለዚህ ከኔው ስሚው። ሙሽራዋ እህቴ ሳትዘል ታንብብልሽ።

የቁማር ከተማ የሚሏት ላስ ቬጋስ ለሽርሽር አልሄድኩም፤ ጭነት ይዤ ነው የገባሁት። እዚህ አሜሪካ የከባድ መኪና ሾፌር በ8 ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሠራ በኋላ መንዳት አይችልም። እንደ አዲስ እንዲቆጠርለት 34 ሰዓት በተከታታይ ማረፍ አለበት። የኔ ሰዓት እዚያ አለቀ። ሌላ ከተማ ቢያልቅ ኖሮ ጋሼም ወሬ ባላገኘ። የት አደርክ እንዳትይኝ ደግሞ፤ መኪናው አልጋ አለው፣ ይሞቃል።

የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ልጅ እዚያ ታክሲ ይነዳል። መጥቶ ወሰደኝ። ከተማውን ሐበሻ ሞልቶታል፣ ታክሲ ላይም ብዙ የኛ ሰው አለ። ምግብ ቤቶቻችን ያሉበትን ሰፈር የአካባቢው አስተዳደር በፈረንጆቹ 2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ጾም ስለሆነ በያይነቱ በላን። ሽሮው ያንቺ ጋ አይደርስም፤ ግን ጠርጌ ነው የበላሁት።

ከዚያ ዋናውን መንገድ አሳየኝ፣ ስትሪፕ ይሉታል። ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መብራት ነው። የፓሪሱን ኤፍል ታወር ግማሽ አድርገው ሠርተው አቁመውታል። ፒራሚድም አለ፤ ውስጡ ሆቴል ነው። እኔ ፎቶውን የተነሳሁት ቤላጂዮ የሚባለው ሆቴል ፊት ለፊት ነው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው፤ ሙዚቃው ሲጀምር ውሃው ወደ ሰማይ እየተወረወረ ይጨፍራል። በረሃ መሃል! ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እኔ ግን አንቺ ታየሽኝ፤ በሌሊት ተነስተሽ ውሃ መጣች አልመጣች እያልሽ ጀሪካን ስትደረድሪ። ፎቶው ላይ የሳቅኩት ልጁ ሳቅ ስላለኝ ነው።

አዎ፣ ቁማር ቤቱ ውስጥም ገብቻለሁ። መስኮት የለ፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት የለ። ይንጋ ይምሽ አታውቂውም። ያንቺ እኩያ የምትሆን ሴትዮ ማሽን ፊት ተቀምጣ ቁልፉን ትጫናለች። ሲጋራዋ ሳታጨሰው እጇ ላይ አመድ ሆኗል። ልጅ የላት ይሆን አልኩ በሆዴ። ልጁ እንደሚለው፣ ከአየር ማረፊያ ሲያመጣቸው ወሬያቸው አያልቅም፤ ሲመልሳቸው ግን መኪናው ውስጥ ጭጭ ነው። እኔ አንዲት ሳንቲም አልከተትኩም። ብከትስ ላቤ አይደለም እንዴ? ይቺን ለጋሼ እንዳታነቡለት።

ከሁሉ የገረመኝ ጋብቻቸው ነው። የጋብቻ ፈቃድ ለማውጣት መታወቂያና 102 ዶላር ይበቃል። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው፤ እሑድ የለ፣ በዓል የለ። ወረቀቱን ይዘው ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ቤት ይገባሉ። የፈለገ ዘፋኙን ኤልቪስ ፕሪስሊን መስሎ የለበሰ ሰው ያጋባዋል። አንዷ ሙሽራ ስትወጣ አየኋት። ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ጫማዋን በሌላው አንጠልጥላ ታክሲ ትጠብቃለች። እናት የለ፣ እልል የሚል የለ። ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ «ገና ልጅ ናት» እያልሽ ያጉላላሻቸው ትዝ አለኝ። እዚያው መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። ልጁ ጉንፋን የያዘኝ መስሎት ሶፍት አቀበለኝ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰርገኛው ሲመጣ በር የሚይዝበት ማን ነው? ያለኋት ወንድም እኔ። ወረቀቴ ገና ነው እማዬ። ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ይሄን ደጋግሜ አስረድቻለሁ፣ ለጋሼም ጭምር። ጨክኖ የቀረ አታስመስሉኝ።

ለድንኳኑና ለበሬው 1,500 ዶላር በሙሽራችን ስም ልኬያለሁ፤ ባንክ ሄዳ ታውጣው። ከሱ ላይ መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒትሽ ይገዛ። ክኒኑን ለሁለት እየከፈልሽ እንደምትውጪ ሰምቻለሁ። ለኔ የማይነገረኝ ምን ሆኜ ነው? ዶሮ ወጡንም የሚሠራ ሰው ቅጠሩ። በዚያ ጉልበትሽ ጭስ ቤት አትዋይ። ነጠላና ቀሚስሽ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ይሁን፤ የሱን ለብቻ እልካለሁ፣ ዋጋውን ንገሩኝ።

የሰርጉ ቀን በቪዲዮ ስትደውሉልኝ ደግሞ ስልኩን ለልጅ እንዳትሰጡ። ባለፈው ክርስትና ላይ ያየሁት የሰው ጫማ ብቻ ነው።

ልጅሽ