የአንድ ሸክላ ሠሪ የሕይወት ታሪክ፦ የሙያና የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በየዓመቱ አንድ ባለሙያ ይመርጥና፣ በለቅሶ ላይ እንደሚነበበው ያለ የሕይወት ታሪክ ይጽፍለታል። ዘንድሮ ዕጣው የደረሰው ለእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ለጆሳያ ዌጅውድ ነበር። ከመጀመሪያው መስመር ሳናልፍ ግን ተከራከርን፦ «ተወለደ» እንበል ወይስ «ተወለዱ»? ብዙዎቹ የታሪክ ሰው «እሱ» ነው የሚባለው አሉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ፣ «በለቅሶ ላይ ማንም ሰው አንቱ ይባላል። ሸክላ ሠሪ ስለሆነ ነው የምንነፍገው?» ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ። አያቷ በቀጨኔ ሸክላ እንደሚሠሩ ያወቅሁት በኋላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ እንደከለከሉ ነገርኳቸውና አንቱታው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ስለዚህ ጽሑፋችን እንዲህ ይጀምራል፦ «አቶ ጆሳያ ዌጅውድ ከአባታቸው ከአቶ ቶማስ ዌጅውድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሜሪ ስትሪንገር በስታፎርድሺር፣ በርስለም በምትባል ከተማ በ1730 እ.ኤ.አ. ተወለዱ።» አባታቸውም ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጆሳያ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ይዟቸው ከሞት ቢተርፉም ቀኝ ጉልበታቸው ተጎዳ፤ በእግር የሚገፋውን የሸክላ መንኰራኩር ማሽከርከር አስቸገራቸው። በ1768 እግራቸው ተቆረጠ፤ ማደንዘዣ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ልጆቹ እዚህ አንቀጽ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆዩ፣ እኔም አላቻኰልኳቸውም። እግር የከለከላቸውን ሙያ በአፈርና በቀለም ምርምር አገኙት። ያ ጃስፐር የተባለው፣ ነጭ ምስል የሚለጠፍበት ሰማያዊ ሸክላ የብዙ ሺህ ሙከራ ውጤት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳራም፣ በ1764 ከተጋቡ በኋላ፣ በሙከራዎቹ አግዘዋቸዋል። ከልጆቻቸው አንዷ ሱዛና የሳይንቲስቱ የቻርልስ ዳርዊን እናት ናት።

ስለ ንግዱ አጭር ነው የጻፍነው፤ ለሩሲያዋ ንግሥት ለካትሪን 952 ዕቃ ያለው የገበታ ስብስብ መሥራታቸው ብቻ ይበቃል። የበለጠ የማረከን ለሙያ አጋሮቻቸው ሁሉ የዋሉት ውለታ ነው። የሸክላ ሠሪ ትልቁ ጠላት መንገድ ነው። የስታፎርድሺር ዕቃ በፈረስ ጀርባ በኮረኮንች ሲጓዝ ብዙው ይሰበር ነበር። አቶ ጆሳያ ከሌሎች ጋር ሆነው ዕቃ በጀልባ የሚጓዝበት የትሬንትና መርዚ ቦይ እንዲቆፈር ተሟገቱ፣ የገንዘብ ያዥም ሆኑ፣ በ1766 የመጀመሪያውን አፈር የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። ቦዩ በ1777 ሲጠናቀቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ የተጠቀሙበትም ተፎካካሪዎቻቸው ጭምር ናቸው። በ1785 የአምራቾች ጠቅላላ ምክር ቤት ሲቋቋምም ከግንባር ቀደሞቹ ነበሩ።

አንድ ተማሪ፣ የፋብሪካውን ጥብቅ የሥራ ደንብና ሠራተኛውን በሰዓት የሚጠራውን ደወል ካላስገባን ጽሑፉ ሐሰት ነው ብሎ ሞገተ። በለቅሶ ላይ እንዲህ አይነበብም ያሉት ቢበዙም እኔ ከእሱ ጋር ቆምኩ፤ ደወሉ ገባ። በ1787 ያሠሩት፣ በሰንሰለት የታሰረ ሰው ተንበርክኮ «እኔስ ሰው አይደለሁምን? ወንድምስ አይደለሁምን?» የሚልበት የፀረ ባርነት ሜዳልያም ገባ።

በየካቲት ቀጨኔ ሄደን ሸክላ ሠሪ እናቶች ያለ መንኰራኩር፣ በእጃቸው ብቻ ጀበና ሲያበጁና በባሕር ዛፍ ቅጠል ሲተኩሱ አየን። የራሳችንንም ሙከራ አደረግን፤ ሸክላ ከእሳት ሲገባ ይኮማተራልና አቶ ጆሳያ የእቶንን ሙቀት የለኩት በዚያ ነው፣ በ1783 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ያደረጋቸውም ይኸው ሥራ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው የጭቃ ዘንጋችን ደርቆና ተተኩሶ 9.3 ሆነ። ሌሎቹ ሁለቱ ከእሳቱ ውስጥ ፈነዱ፤ ሳይደርቁ ስላስገባናቸው ነው። ልጆቹ ስብርባሪውን ለቅመው በመስኮቱ ላይ ደርድረውታል፣ እስካሁንም አለ።

የወላጆች በዓል ዕለት የሕይወት ታሪኩን ያነበበችው ያቺው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አያቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀምጠው ነበር። ንባቡ ሲያልቅ እጃቸውን አነሡ።

«ጭቃውን ከየት ነበር የሚያወጡት?»

ልጅቷ ነጩ አፈር ከሩቅ፣ ከደቡብ እንግሊዝ በመርከብ ይመጣ እንደነበር፣ ቦዩም ለዚሁ ጭምር እንደተቆፈረ አስረዳቻቸው።

«እኛም ቅርቡ አልቆብን ሩቅ ነው የምንሄደው» አሉ እማማ። «በጀርባ።»