ክላርኔቱን ያስቀመጠው ሰው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ስዊንግ ጃዝ፣ ማለትም በትልልቅ ባንዶች ስለሚጫወተው የጭፈራ ጃዝ፣ ሲወራ ሁሌ ክላርኔት ተጫዋቹ ቤኒ ጉድማን ብቻ። ሌላው ክላርኔት ተጫዋችና የባንድ መሪ አርቲ ሾውስ? በ1910 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ተወለደ፣ በ1938 በአንድ ሸክላ አሜሪካን አናወጠ። በዚያው ዓመት ጥቁሯን ዘፋኝ ቢሊ ሆሊደይን ከነጮች ባንዱ ጋር ይዞ ዞረ፤ ያኔ ይሄ ቀልድ አልነበረም። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሆቴል እሷን በእንግዳ ሊፍት ሳይሆን በዕቃ ማጓጓዣው እንድትወጣ አደረጋት፣ ብዙም ሳትቆይ ባንዱን ተወች። እሱንም ዝናው አንገፈገፈው፤ በ1939 ባንዱን ጥሎ ሜክሲኮ ገባ። ተመለሰ፣ በ1954 ግን ክላርኔቱን ጭራሽ አስቀመጠ። በ1980ዎቹ በስሙ ባንድ ሲቋቋም እንኳ ክላርኔት የሚነፋው ሌላ ሰው ነበር፤ እሱ ቆሞ ባንዱን ይመራል። በ94 ዓመቱ ሞተ። እስቲ አንድ ገጽ ስጡት!

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ