የሥነ ሕይወት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ቀስት ያጣንለት ዝምድና

ክበባችን የዘንድሮውን ሥራ የጀመረው በክፍል ውስጥ ሳይሆን ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ባለ የባቄላ ማሳ ላይ ነበር። የማሳው ባለቤት ፈቅደውልን በመስከረም መጨረሻ አንድ አበባ የያዘ ባቄላ ከነሥሩ ነቀልን፤ አፈሩ በውኃ ሲታጠብ ከሥሩ ጋር የተጣበቁ፣ ምስር የሚያካክሉ እባጮች ብቅ አሉ። ከአባላቱ አንዷ ትልቁን በጥፍሯ ሰንጥቃ ስታሳየን ውስጡ ጥሬ ሥጋ የመሰለ ሮዝ ነበር። ይህን ቀለም የሚሰጠው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚመሳሰል ፕሮቲን ሲሆን፣ በእባጩ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ በሚስማማ መልክ እንዲለውጡ ኦክስጅኑን ይመጥንላቸዋል፤ ባቄላውም በበኩሉ ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍላቸዋል። ተማሪዎቹ ባቄላ በተነሣበት መሬት ላይ የሚዘራ ገብስ እንደሚያምር ከወላጆቻቸው ሲሰሙ ያደጉ ናቸው፤ ምክንያቱን በዓይናቸው ያዩት ግን ያን ቀን ነው።

በጥቅምት በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ወረቀት ለጥፈን የአካባቢያችንን የምግብ መረብ መሣል ጀመርን። ደንቡ በመማሪያ መጽሐፉ ያለው ነው፦ ቀስቱ ከተበላው ተነሥቶ ወደ በላተኛው ይሄዳል። ሣሩ፣ አይጡ፣ ፍልፈሉ፣ ጭልፊቱና ቀይ ቀበሮው ያለ ችግር ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ባቄላውና ባክቴሪያው ግን ሁለቱም ሰጪ ሁለቱም ተቀባይ ስለሆኑ ባለ ሁለት ራስ ቀስት ፈለጉ፤ ይህም ብዙ ሳያከራክረን አለፈ።

በኅዳር ስለተከልናቸው የኮሶ ችግኞች የምለው ጥቂት ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ጨርሷቸዋል፤ በክረምት መግቢያ መተከል የነበረባቸውን ችግኞች በበጋ ዋዜማ ያስተከልኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የአባላቱ አይደለም።

የዓመቱ ዋና ሥራችን በጥር ወር ወደ መንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ያደረግነው ጉዞ ነው። ሥፍራው ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ሲኖረው ከፍታው በአንዳንድ ቦታ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ከሚታጨደው የጓሳ ሣር ነው። የአካባቢው አባቶች ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሥፍራውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ከአጨዳና ከግጦሽ ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። እነዚያ አባቶች ይጠብቁ የነበረው ሣሩን ነው፤ አይጦቹ በሣሩ ሥር ተሸሽገው ስለሚራቡና ቀይ ቀበሮው በአይጦቹ ስለሚኖር ግን፣ ሣሩን ሲጠብቁ ቀበሮውንም ጠብቀውታል።

ረፋዱ ላይ አብሮን የነበረው ስካውት (የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ)፣ «ልጆች፣ ቁጭ በሉ፤ ቆማችሁ ካያችሁ ይሄዳል» አለ። ከፊታችን ከመቶ የማያንሱ ጭላዳ ዝንጀሮዎች እንደተቀመጡ እየተንፏቀቁ ሣር ይነቅላሉ። አንድ ቀይ ቀበሮ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንድም ጊዜ ሳይሮጥ፣ በመካከላቸው ገባ። በአቅራቢያው ልጇን በሆዷ ያቀፈች ጭላዳ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሣሯ ተመለሰች። ያለን ቢኖኩላር አንድ ብቻ ስለሆነ እየተቀባበልን ስናይ፣ ቀበሮው ድንገት ቆሞ ጆሮውን ወደፊት አቀና፤ ከዚያም ዘሎ አፈሩ ላይ አረፈ፤ ሲነሣ በአፉ አይጥ ነበር። የክበቡ ጸሐፊ ሰዓቷን ተመልክታ ቀበሮው ከመንጋው ጋር 23 ደቂቃ መቆየቱን መዝግባለች። ጥቂት ቆይቶ የአንድ እረኛ ውሻ ከወደ ታች ብቅ ሲል ግን መንጋው በሙሉ እየጮኸ ወደ ገደሉ ተንደረደረ። ውሻና ቀበሮ በመልክ ይቀራረባሉ፤ ጭላዳዎቹ ግን ለይተው ያውቋቸዋል። ውሻው ለቀበሮውም ቢሆን የእብድ ውሻ በሽታን የሚያመጣበት አደገኛ ዘመድ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ሲታሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚያው ጓሳ ላይ ተካሂዶ በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ቀበሮዎቹ በጭላዳዎች መካከል ሆነው ካደረጓቸው የአይጥ አደን ሙከራዎች 67 በመቶው ሲሳካላቸው፣ ብቻቸውን ሲያድኑ የተሳካላቸው 25 በመቶው ብቻ ነው። ምናልባት መንጋው ሣሩን ሲነካካ አይጦቹ ከመሸሸጊያቸው ይወጡ ይሆናል፤ ወይም ቀበሮው በመንጋው ቀለም ስለሚሸፈን አይጦቹ ሳያዩት ይቀርባቸው ይሆናል። ቀበሮው የጭላዳ ግልገሎችን እንዳይነካ የሚያደርገውም ይኸው ጥቅሙ ይመስላል።

ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰን ወረቀታችን ፊት ስንቆም ክርክሩ ተነሣ። ቀበሮው ጭላዳውን አይበላም፤ ጭላዳውም ከቀበሮው የሚያገኘው ጥቅም በግልጽ አይታይም፤ ታዲያ ቀስቱ ከየት ወደ የት ይሣል? የ10ኛ ክፍል አባላት፣ አንዱ ሳይጎዳ ሌላው የሚጠቀምበት ዝምድና ስለሆነ ከጭላዳው ወደ ቀበሮው ይሣል አሉ። የ9ኛ ክፍሎች ደግሞ በቀስቱ ላይ የሚሄድ ምግብ የለም ብለው ተቃወሙ። እኔ የማዘነብለው ወደ ታናናሾቹ ነው፤ ደንባችን የሚከተለው ምግብን ብቻ እንደሆነ ያስተዋሉት እነርሱ ናቸውና። ቤተሰቡ ገብሱን በጭላዳ የተበላበት አንድ አባል በበኩሉ፣ «ጭላዳ ለእኛ ጠላት ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይጻፍ» ብሎ ከገብስ ወደ ጭላዳ ወፍራም ቀስት አሠመረ። ትክክል ነበር፤ ማንም አላጠፋበትም።

በመጨረሻ በቀበሮውና በጭላዳው መካከል በሰማያዊ እርሳስ የተቆራረጠ መስመር ብቻ፣ ያለ ቀስት ራስ፣ ተሠመረ። ወረቀቱ ከክረምቱ ዝናብ እንዲድን ተጠቅልሎ በመዝገብ ቤት ተቀምጧል። ከኅዳር ጀምሮ ሁለት በሁለት ሜትር አጥረን ከከብት የከለልነው የግቢው ሣርም በሰኔ ስንመለከተው ከአጥሩ ውጭ ያላገኘነውን ማገጥ የተባለ የዱር መኖ ተክል አብቅሏል፤ በክረምቱ የግቢው ሣር ሲታጨድ ይህ ቦታ እንዳይነካ የጥበቃ ሠራተኛውን አስፈቅደናል፤ በውስጡ የበቀሉትን ዕፅዋት መቁጠሩ በመስከረም ይቀጥላል።